ተሸካሚው ፕሮቲን
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከወገባችን ተነሥተው እስከ እግራችን ጣት ከሚደርሱት ነርቮች መካከል ቁመታቸው አንድ ሜትር ያህል የሆነ አለ። እያንዳንዳቸው ግን አንድ ሴል ብቻ ናቸው። ፕሮቲናቸው በአብዛኛው የሚሠራው ከላይ ነው። እንግዲህ ለታችኛው ጫፍ የሚያስፈልገው ስንቅ እንዴት ይደርሳል?

በብርጭቆ ውሃ ውስጥ የቀለም ጠብታ ብንጥል ቀስ እያለ ይሰራጫል። በሴልም ውስጥ እንዲሁ ይሆናል እንል ይሆናል። ነገር ግን በእንዲህ ያለው ስርጭት ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ሒሳብ አንድ ፕሮቲን አንድ ሜትር ለመድረስ ከሺህ ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

ስለዚህ ሴሉ መንገድና ተሸካሚ አለው። መንገዱ ማይክሮቱቡል የሚባል ቱቦ ሲሆን ውፍረቱ 25 ናኖሜትር ነው፤ ናኖሜትር ማለት ሚሊሜትር ለሚሊዮን ሲከፈል ነው። ተሸካሚው ኪኔሲን የተባለው ፕሮቲን ነው፤ ሸክሙም ብዙውን ጊዜ በስስ የስብ ሽፋን የተጠቀለለ ከረጢት ነው። ኪኔሲን ሁለት እግሮች አሉት፤ አንዱን ሲያነሣ በሌላው መንገዱን ይይዛል። ለአንድ እርምጃ ኤቲፒ ከተባለው የሴል ማገዶ አንድ ቅንጣት ያጠፋል። እርምጃው 8 ናኖሜትር መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1993 በብርሃን ጨረር እርዳታ ተለክቷል። አንዱ ከመንገድ ሲወድቅ ሌላው እየተቀበለ፣ ሸክሙ በቀን እስከ 400 ሚሊሜትር ይጓዛል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይህ ነው። የመልሱን ጉዞ የሚሸከመው ደግሞ ዳይኒን የተባለ ሌላ ፕሮቲን ነው።

ኪኔሲንን እ.ኤ.አ. በ1985 ያስታወቁት ሮናልድ ቬል፣ ቶማስ ሪስና ማይክል ሺትስ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ዉድስ ሆል በተባለ የባሕር ዳርቻ ስኩዊድ ከሚባል የባሕር እንስሳ ወፍራም ነርቭ ውስጥ አገኙት። ቬል ያን ጊዜ ገና ተማሪ ነበረ።

«የባሕር እንስሳ ነርቭ ለእኛ ምን ይረባናል?» የሚል ጓደኛ ይኖር ይሆናል። ላቦራቶሪ ውድ ስለ ሆነ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። መልሱ ግን ከሐኪም ቤት ይገኛል። ከኪኔሲን ዓይነቶች የአንዱ ጂን ሲበላሽ እግርን የሚያደክምና የሚያገትር በሽታ ይመጣል። በአገራችንም ለካንሰር የሚሰጠው ፓክሊታክሰል ማይክሮቱቡልን ከመጠን በላይ አጠንክሮ የዕጢውን ሴል እንዳይከፈል ያግደዋል፤ ነገር ግን በዚያው ኃይሉ የብዙ ሕሙማንን የእጅና የእግር ጣት ያደነዝዛል። ጫፉ እጅግ የራቀ ነርቭ የመንገድ መበላሸት ቶሎ ይጎዳዋል። የመድኃኒቱን ጥቅም ይዞ ጉዳቱን ለመቀነስ የሚሻ ሁሉ መንገዱንና ተሸካሚውን ማወቅ አለበት።

ይህም ዕውቀት የአንድ ክፍል ብቻ አይደለም። ኃይሉንና እርምጃውን የለካው ፊዚክስ ነው፤ ፕሮቲኑን የለየው ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ነው። እኛ ግን በአንድ ግቢ እየኖርን አንዳችን የሌላውን ትምህርት ሳንሰማ እንመረቃለን። ስለዚህ የሦስቱ ክፍሎች ተማሪዎች በወር አንድ ቀን ተሰብስበን እንድንወያይ፣ መምህራኖቻችንም እንዲረዱን እለምናለሁ። ውድ መሣሪያ እስኪመጣ ድረስ ይህን ለመጀመር ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃናል።