ትራክተሩ አልነሳም ሲል

የዛሬው ንግግራችን ስለ ሞተር ነው። ፊደል የለያችሁ፣ ቁጥር ያወቃችሁ ሁሉ ልትከታተሉት ትችላላችሁ። እርሳስና ብጣሽ ወረቀት አቅርቡ።

ዝናቡ ጥሎ መሬቱ ረጥቧል እንበል። አሮጌው ትራክተር ግን አልነሳም አለ። አንዱ “ባትሪው ነው” ይላል። ሌላው “የለም፣ ካንዴላው ነው” ይላል። የባቲ ሰው ከሆናችሁ ሰኞ ገበያ ወጥታችሁ ፍየል ትሸጣላችሁ፤ ኮምቦልቻ ድረስ ሄዳችሁም አዲስ ባትሪ ትገዛላችሁ። ሞተሩ አሁንም ዝም! እንግዲህ ፍየሏን ከመሸጣችሁ በፊት አንዲት ትንሽ ክዳን ከፍቶ ማየት ይሻላል።

በመጀመሪያ ትራክተራችሁ የሚጠጣው ናፍታ ነው ወይስ ቤንዚን? በአገራችን እርሻ ላይ የምናያቸው አብዛኞቹ ትራክተሮች የናፍታ ናቸው። ናፍታ በታመቀ አየር ሙቀት ይቀጣጠላል፤ ብልጭታ አያሻውም፤ ዲስትሪቢውተርም የለውም። ስለዚህ ችግሩን ሌላ ቦታ ፈልጉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1946 እስከ 1956 በእንግሊዝ አገር ይሠራ እንደነበረው እንደ ትንሹ ግራጫ ፈርጉሰን ያለ የቤንዚን ትራክተር ግን ያለ ብልጭታ አይነሳም። የቆየ የቤንዚን ላንድሮቨር ያላችሁም ስሙ፤ ነገሩ አንድ ነው።

ዲስትሪቢውተር ማለት አከፋፋይ ማለት ነው። ቦቢናው የባትሪውን ትንሽ ኃይል ወደ ብዙ ሺህ ቮልት ያሳድገዋል። አከፋፋዩ ደግሞ ይህን ኃይል ለ4ቱ ካንዴላዎች በተራ ያድላል። ተራው ታዲያ 1፣ 2፣ 3፣ 4 አይደለም! በፈርጉሰኑ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። 1 ቁጥር በራዲያተሩ በኩል ያለው ነው። ስለዚህ አንድም ሽቦ ሳትነቅሉ ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ጻፉና በየሽቦው ላይ በክር እሰሩ። ከብልሽቱ ይልቅ ሰውን የሚያደክመው ሽቦ ማምታታት ነው።

አሁን የባትሪውን ሽቦ ፍቱ። ማርሹም ነጻ ይሁን። የአከፋፋዩን ክዳን ክፈቱ። ውስጡ እርጥበት ካለ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። እንደ ጸጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ካያችሁ ክዳኑ ተሰንጥቋል፤ ኃይሉ በስንጥቁ ያመልጣል። ሙጫ አያድነውም፤ ይለወጥ።

ቀጥሎ ፑንቲናውን እዩ። እንደ ከንፈር የሚገጥሙና የሚላቀቁ ሁለት ትናንሽ ብረቶች ናቸው። ጠቁረው ከሆነ በቀጭን ሞረድ ቀስ ብላችሁ አጽዱ፤ ብናኙን ጥረጉ። ሞተሩን በእጅ አዙሩ። ከንፈሮቹ በጣም በተራራቁበት ላይ አቁሙና ክፍተቱን ለኩ። የሞተሩ መጽሐፍ የሚለው ልክ ይበልጣል፤ በብዙ የቆዩ ሞተሮች ግን 0.4 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ብሎኑን አጥብቃችሁ እንደገና ለኩ፤ ሲጠብቅ ይንሸራተታልና። ከንፈሮቹን ዘይት አታስነኩ። ፑንቲናው ቶሎ ቶሎ የሚቃጠል ከሆነ አጠገቡ ያለው ኮንደንሰር ሳይበላሽ አልቀረም።

አከፋፋዩን ራሱን ግን ከሥሩ አትንቀሉት። የብልጭታው ሰዓት ይዛባል፤ እሱ የመካኒክ ሥራ ነው።

ክዳኑን ግጠሙ፤ ባትሪውን እሰሩ። ልጆቹን አርቁና አስነሱ። ቢያስነጥስ ወይም ቢተኩስ ሽቦዎች ተለዋውጠው ይሆናል፤ አጥፉትና የጻፋችሁትን ቁጥር አንብቡ።