ስለ ሱስና ስለ መመካከር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የቀረበ ንግግር)



የበዓል ቀን ደስ የሚያሰኝ ነገር የሚነገርበት ቀን መሆኑን እናውቃለን። እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች ግን ይህ ዕድል በተሰጠን ጊዜ፣ ስለ ትምህርት ጥቅም በየዓመቱ የሚባለውን ደግመን ከምንናገር ይልቅ፣ በተማሪዎች መካከል ድምፁን አጥፍቶ ስለሚኖር አንድ ነገር፣ ይኸውም ስለ ሱስ፣ እንድንናገር ተስማማን። ርእሱ ለበዓል አይመችም ያሉ ጓደኞች ነበሩ። ይሁን እንጂ ወላጆችና መምህራን በአንድ አዳራሽ የሚሰበሰቡበት ሌላ ቀን ስለሌለን ዛሬውኑ መናገር ግድ ሆነብን።

ብዙ ሰው ሱስ የሚጀመረው በመዝናናት ነው ብሎ ያስባል። በተማሪ ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በትጋት ነው። ፈተና ሲቃረብ አንዱ ልጅ ሌሊቱን ነቅቶ ለማጥናት ሲል ከጓደኞቹ ጋር ጫት ይቅማል። ፈተናው እንዴት ያለ ፍርሃት እንደሚያሳድር ለማወቅ የ2014 ዓ.ም.ን ውጤት ማስታወስ ይበቃል፤ በዚያ ዓመት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር የሰማ ልጅ እንቅልፉን ለመሸጥ ቢቸኩል የሚያስደንቅ አይደለም።

በጫት ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ቅመም አለ። ይህንንም የተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 ለይቶ አውጥቶታል። አሠራሩ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር ይመሳሰላል፤ በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር እንዲበዛ ያደርጋልና ሰውየው ይነቃል፣ ይደሰታል፣ ነገር ሁሉ ይቀለዋል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ግን ካቲኖን ኃይሉ ወደ ደከመ ሌላ ቅመም ይለወጣል። ከአወዳይ ወይም ከወንዶ ገነት የሚነሡት መኪናዎች ጫቱን በእርጥብ ቅጠል ጠቅልለው እንደዚያ የሚበሩት ለዚህ ነው። ነጋዴው ኬሚስትሪ ሳይማር ኬሚስትሪውን ዐውቆታል ማለት ነው።

ምርቃናው በመጣ ሰዓት ልጁ መጽሐፉ ሁሉ የገባው ይመስለዋል። ነገር ግን የተጠናው ነገር በአእምሮ የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ነው፤ እርሱ ደግሞ እንቅልፉን አባርሮታል። በማግሥቱ ሰውነቱ ይዝላል፣ ሆዱ ይባባል፣ ከሰው ጋር መነጋገር ያስጠላዋል። ከዚያም ሀራራ ይመጣል፤ ያዛጋል፣ ይቆጣል፣ ዐይኑ ቅጠሉን ብቻ ይፈልጋል። ሌሊት ሲተኛ ዱካክ ያስጨንቀዋል። ይህን ሁሉ ለማብረድ ጨብሲ በሚል ስም ቢራ ወይም አረቄ ይጨምርበታል፤ በመካከሉም ሲጋራ አለ። አንድ ፈተና ለማለፍ የተቀመጠ ልጅ ሦስት አመል ይዞ ይነሣል። ለ21 ዓመት ያልሞላው ሰው አልኮልና ሲጋራ እንዳይሸጥለት በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተከልክሏል፤ በየመንደሩ ግን ባለሱቁ ዕድሜ ሲጠይቅ አላየንም።

የሚቅም ሁሉ ሱሰኛ ነው አንልም። በሐረርና በወሎ ለዱዓ ተሰብስበው የሚቅሙ ታላላቅ አባቶች አሉ፤ በእነርሱ ላይ መፍረድ የእኛ ሥራ አይደለም። ሱስ የምንለው ሰውየው ጉዳቱን እያየ፣ ልተው ብሎም ደጋግሞ እየሞከረ፣ መተው ሲያቅተው ነው። በመጀመሪያ ለደስታ የነበረው ነገር በኋላ እንደ ሌላው ሰው ቀና ብሎ ለመዋል ብቻ የሚፈለግ ይሆናል። አንጎሉ ቅጠሉን፣ ሰዓቱን፣ የመቃሚያ ቤቱን፣ የጓደኞቹንም ፊት አጥንቶታልና ከእነዚህ አንዱን ባየ ጊዜ ፍላጎቱ ሳይጠራ ይነሣል። ሐኪሞች ዛሬ ቁማርን ጭምር ከዚሁ ተርታ ቆጥረውታል፤ በየመንገዱ ዳር በኳስ ውርርድ ቤት የሚውሉትን ወጣቶች ያየ ሰው ነገሩን ለማመን አይቸገርም። ይህን ስንል ሱሰኛ ኃላፊነት የለበትም ማለታችን አይደለም፤ «ተው» ስለተባለ ብቻ የሚተው አለመሆኑን ለማስረዳት ነው እንጂ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አባቶቻችን «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላሉ። ይህን ምሳሌ እናከብራለን፤ ስለ ሱስ ግን አይሠራም ብለን በድፍረት እንናገራለን። በእኛ ቤት ምክር ማለት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ታላቁ ተቀምጦ ይናገራል፣ ታናሹ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ንግግሩ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ልጁ የሚናገረው ቃል «እሺ» የሚለው ብቻ ነው። ያ «እሺ» ቃል ኪዳን እንዳይመስላችሁ፤ ከክፍሉ ለመውጣት የሚያገለግል ቁልፍ ነው። ቋንቋችን ግን ሌላም ቃል አለው፤ መመካከር ይባላል። መምከር የአንድ ሰው ሥራ ነው፤ ለመመካከር ግን ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ዘመናዊ የምክር አገልግሎት የሚባለው ስሙ ምክር ይሁን እንጂ ሥራው መመካከር ነው።

ይህ የልጆች ፈሊጥ ብቻ እንዳይባልብን ከአሜሪካ ሁለት ማስረጃ እናቀርባለን። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በግንቦት 1935 ቢል ዊልሰን የሚባል በአክሲዮን ንግድ የሚሠራ ሰው አክረን በምትባል የኦሃዮ ከተማ ነበር። መጠጥ ከተወ ጥቂት ወራት ሆኖታል፤ የሄደበት ሥራ ሲበላሽበት ግን ከሆቴሉ መጠጥ ቤት የሚሰማው ሳቅ ጠራው። በዚያን ጊዜ የፈለገው የሚገሥጸውን ሰው አልነበረም፤ እንደ እርሱ በመጠጥ የተጨነቀ ሌላ ሰው ነበር። ስልክ ደዋውሎ ዶክተር ሮበርት ስሚዝ ከሚባል ሐኪም ጋር ተገናኘ። ዶክተሩ ለሩብ ሰዓት ብቻ እቆያለሁ ብሎ መጥቶ ሰዓታት ቈየ፤ ምክንያቱም ሰውየው አልሰበከውም፣ የራሱን ታሪክ ነገረው እንጂ። ዶክተሩም ከጥቂት ሳምንት በኋላ በሰኔ ወር የመጨረሻ መጠጡን ጠጣ። ስማቸውን ሳይገልጡ ተሰብስበው ስለ መጠጥ ሱሳቸው የሚነጋገሩት ሰዎች ማኅበር በዚህ ተጀመረ፤ ዛሬም በብዙ አገሮች አለ።

ሁለተኛው ዊልያም ሚለር የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ ነው። ይህ ሰው በ1983 ባወጣው ጽሑፍ ሱሰኛን ከመከራከር ይልቅ እየጠየቁና እያዳመጡ የሚረዱበትን ዘዴ ገለጠ። ከባልደረቦቹ ጋር በ1993 ባሳተመው ጥናት ደግሞ መካሪው ጠጪውን በተጋፈጠው መጠን ሰውየው ከአንድ ዓመት በኋላ አብልጦ ሲጠጣ ተገኝቷል። ነገሩ ለእኛ ለልጆች እንግዳ አይደለም። ሰው ሲገሥጸን ለራሳችን መከራከሪያ እንፈልጋለን፤ ሲጠይቀን ግን የገዛ ጆሯችን የሚሰማውን እውነት እንናገራለን።

ታዲያ መካሪው ምን ይጠይቃል? ጫቱ ምን ይጠቅምሃል ብሎ ይጀምራል። ይህ ጥያቄ ወላጆችን ሊያስደነግጥ ይችላል። ነገር ግን ልጁ ብቸኝነቱን ወይም የፈተናውን ፍርሃት የሚያወጣው በዚህ በር ነው። ከዚያ ምን እንደወሰደበት፣ ሀራራው በስንት ሰዓትና በየትኛው መንገድ ሲያልፍ እንደሚነሣ፣ ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጣ ይነጋገራሉ። ወደ ቤት የሚሄድበትን መንገድ ይለውጣሉ፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ያለውን ባዶ ጊዜ በምን እንደሚሞላው ይስማማሉ። ተመልሶ ቢቅም እንደ ከዳተኛ አይቆጠርም፤ ያን ቀን ምን ሆኖ እንደነበረ ይመረመራል። የተነገረውም ምሥጢር ሆኖ ይጠበቃል።

እዚህ ላይ ሁሉም ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ለብዙ ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው መጠጡን በአንድ ቀን ቢያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ ራሱን ስቶ ሊወድቅ፣ ሊቃዥ ይችላል፤ ሊሞትም ይችላልና በሐኪም እጅ ሆኖ መተው አለበት። ጫት ሲተው እንዲህ ያለ አደጋ ባይኖርም ከባድ ሐዘን የሚያድርባቸው አሉ፤ ሕይወቴን ጠላሁ የሚል ልጅ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። በአዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል፤ በሌሎች ከተሞችም የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ያሉባቸው ሆስፒታሎች አሉ። ጸበልና ጸሎትም ከዚህ ጋር የሚጣሉ አይደሉም። የነፍስ አባት የሰማውን ምሥጢር እንደማያወጣ እናውቃለን። በየጧቱ በጸሎት ሰዓት የምንሰማው የጠፋው ልጅ ታሪክም ቢሆን፣ አባትየው ልጁ ያዘጋጀውን የይቅርታ ንግግር እስኪጨርስ አልጠበቀም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እውነት ነው፤ ግን የሚያስደብቀው ማን ነው? ከእኛ ጋር ዘጠነኛ ክፍል ገብተው ዛሬ በእነዚህ ወንበሮች ላይ ያልተቀመጡ ልጆች አሉ። ከእነርሱ ከፊሉ በሱስ የተነሣ ቀሩ፤ ሲቀሩም ተግሣጽ ሰምተዋል እንጂ የጠየቃቸው አልነበረም። እኛም ብናውቅ እንኳ አንናገርም ነበር፤ የጓደኛን ስም ለአስተዳደር መስጠት ማለት እርሱን ማስባረር ነበርና።

ስለዚህ ከወላጆች የምንለምነው ጥቂት ነው። ልጁ ሲቅም በተገኘ ቀን ከዱላው በፊት አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፤ መልሱም እስከ መጨረሻው ይሰማ። ከትምህርት ቤታችን የምንለምነው ደግሞ ይህ ነው። የምክር ክፍሉ ከሥነ ሥርዓት ቢሮው የተለየ በር ይኑረው፤ በአሁኑ በር የሚገባ ተማሪ ሁሉ ጥፋተኛ መስሎ ይታያል። በገዛ ፈቃዱ ርዳታ ሊጠይቅ የመጣ ተማሪ ስሙ በቅጣት መዝገብ አይጻፍ። አቋርጠው የሄዱትም በማታው ክፍል እንዲመዘገቡ ይፈቀድላቸው። ቤታቸውን እናውቀዋለን፤ ፈቃዱ ከተሰጠ ከመስከረም በፊት ሄደን እንነግራቸዋለን።