የተሰበረ ዘንግ ስለ መተካት
በበረዶ ላይ ስለሚተከለው የዓሣ አጥማጆች መጠለያ የተሰጠ ንግግር



በሰሜን አሜሪካ፣ በተለይም በሚኒሶታ ግዛት፣ ብርዱ ሲጠና ሐይቆች ረግተው ሰው ይሸከማሉ። ዓሣ አጥማጁ በረዶውን ይሰረስርና በቀዳዳው ላይ ታጣፊ መጠለያ ተክሎ ይቀመጣል። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ከተሞች ስለ ሆኑ፣ ነገሩ ለዚህ ጉባኤ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። መጠለያው የመዝናኛ ዕቃ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ በሆነ ብርድ፣ ከዳር ርቆ፣ ማሞቂያ እየነደደ ሳለ አንድ ዘንግ ቢሰበር፣ የሚወድቀው ጨርቅ በእሳት ላይ ነው።

ከመጠለያዎቹ አንዱ ዓይነት በእያንዳንዱ ግድግዳ መካከል አንድ መገናኛ አለው። ከመገናኛው አራት የፋይበርግላስ ዘንጎች ወደ አራቱ ማዕዘን ይወጣሉ። ዘንጎቹ ለጨርቁ ከሚበቃው ርዝመት ጥቂት ስለሚበልጡ፣ መገናኛው ወደ ውጭ ሲሳብ ጎብጠው ጨርቁን ወጥረው ይይዙታል። እጅግ የሚጨነቁት ግድግዳው ቀጥ ብሎ በሚያልፍባት ቅጽበት ነው። እርጥብ ሆኖ የታጠፈ ጨርቅ በረዶ ሲይዘው አይለጠጥም፤ ያን ጊዜ በጉልበት የሚስብ ሰው ዘንጉን ከመገናኛው አጠገብ ይሰብረዋል። ስብራቱ በዘንጉ ወገብ ላይ ከሆነ ግን አስቀድሞ ነፋስን መጠርጠር ይገባል።

የነፋስ ግፊት እንደ ፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ይከብዳል፤ በተባለው ብርድ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.4 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ በሴኮንድ 10 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 2 ሜትር በ2 ሜትር የሆነን ግድግዳ፣ የቅርጽ ማባዣ ሳይታከልበት፣ እንደ 29 ኪሎ ሸክም ይገፋዋል። ፍጥነቱ 20 ሜትር ሲሆን ሸክሙ ከ115 ኪሎ ያልፋል። መገናኛውን በገመድ ከበረዶው ጋር ያላሰረ ሰው ይህን ሁሉ ለአራት ቀጫጭን ዘንጎች ትቶታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የተለመደው ስሕተት ይመጣል፤ ይኸውም «የተሰበረው ቀጭን ስለ ነበር ነው» ብሎ ወፍራም ዘንግ መተካት ነው። የድፍን ዘንግ ግትርነት እንደ ውፍረቱ አራተኛ ኃይል ስለሚያድግ፣ በ11 ሚሊሜትር ዘንግ ፈንታ 13 ሚሊሜትር የገባ እንደ ሆነ ግትርነቱ በእጥፍ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በዚያው ጉብጠት ላይ የቆዳው ውጥረትም 18 በመቶ ይጨምራል። በእጥፍ የሚጠጋው ጉልበት ወደ መገናኛው ይሄዳልና ቀጥሎ የሚሰነጠቀው እርሱ ነው፤ መገናኛ መለወጥም ዘንግ ከመለወጥ ይልቅ አድካሚ ነው። የጃንጥላን ስባሪ በወፍራም ሽቦ ያስጠገነ ሰው፣ ጎረቤቱ ዘንግ በተራው ሲሰበር አይቶ ይህን ያውቀዋል።

ስለዚህ አዲሱ ዘንግ በውፍረቱም በዓይነቱም የቀድሞውን ይምሰል። ርዝመቱ ከስባሪው ሳይሆን ካልተሰበረው ጓደኛው ይለካ፤ ጥቂት ሚሊሜትር ትርፍ እንኳ መክፈቻውን ያከብደዋልና። መቁረጫው ቦታ በናስትሮ ተጠቅልሎ ጥርሰ ደቃቅ በሆነ ሴጌቶ ይቆረጥ፤ ጫፉም ቃጫው እንዳይተረተር በኤፖክሲ ይዘጋ። የመስተዋት ብናኙ ሳንባና ቆዳ ስለሚጎዳ ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ ያስፈልጋል።

በሐይቁ ላይ ግን ማጣበቂያ ተስፋ አይጣልበትም፤ ኤፖክሲ በዚያ ብርድ በሚገባ አይጠነክርም። በስብራቱ ላይ የብረት ቱቦ አጥልቆ በሁለቱም ጫፍ በናስትሮ ማሰር ለዚያ ቀን ይበቃል። ቱቦው ያለበት ስፍራ ስለማይጎብጥ ጫናው ወደ ቱቦው አፍ ይዞራል፤ ቤት ሲደረስ ዘንጉ ይለወጥ እንጂ በዚያው አይቀጠልበት። ከዚህ ጥገና በኋላ ነፋስ እስኪበርድ ድረስ ማሞቂያውን አጥፍቶ መቀመጥ፣ ካልተቻለም ጓዝ ጠቅልሎ ወደ ዳር መመለስ ይሻላል።

ከአሉሚኒየም ቱቦ የሚሠራው ሌላው ዓይነት ብዙ ቃል አይፈልግም። የተጣጠፈ ቱቦ ቢቃና እንኳ ግድግዳው አንድ ጊዜ ስለ ተጨረመተ በዚያው ቦታ እንደገና ይታጠፋል፤ ሙሉ ክፍሉን መለወጥ ነው። አዲሱ በአሮጌው ውስጥ ያለ ትግል መግባትና መውጣቱ የሚፈተነው ግን በሞቀ ክፍል ሳይሆን፣ ውጭ አድሮ ሁለቱም ከበረዱ በኋላ፣ በጓንት እጅ ነው።