ስፍርና ሚዛን፦ በማንኪያ የተነገረውን በግራም ማወቅ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንዲት ማንኪያ ናት። እናቴ የደም ግፊት እንዳለባቸው በታወቀ ጊዜ፣ ጨው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳያልፍ ተመከሩ። ምክሩንም በታማኝነት ጠበቁ። አንድ ቀን ከቤተ ሙከራ ባመጣሁት ሚዛን ለዕለቱ ምግባቸው የለዩትን ጨው መዘንኩት፤ 9 ግራም ሆነ። «ልጄ፣ እኔ እኮ ከአንዲት ማንኪያ አላለፍኩም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ማንኪያዋ ግን እንደ ቤታችን ልማድ ተቆልላ የሞላች ነበረች።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው። 5 ሚሊ ሊትር የምትይዝ የሻይ ማንኪያ፣ ደቃቅ ጨው ተሞልቶባት ከአፏ ስትስተካከል ወደ 6 ግራም ትመዝናለች። እናቴ «አንድ» ብለው የቆጠሩት ከሚመከረው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። ስሕተቱ የእርሳቸው አልነበረም፤ የስፍር ጠባይ ነው።

ስፍር የሚነግረን አንድ ነገር የያዘውን ቦታ ነው፤ ሚዛን የሚነግረን መጠነ ቁሱን ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው እፍግታ ሲሆን፣ እርሱም ከምግብ ምግብ ይለያያል። 237 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ኩባያ እንውሰድ። ውሃ ቢሞላበት 237 ግራም፣ ዘይት ቢሆን ወደ 218 ግራም፣ ስኳር ወደ 200 ግራም፣ ማር ደግሞ ከ330 ግራም በላይ ይሆናል። ስለዚህ ለሁሉም የሚያገለግል አንድ ማባዣ ቁጥር የለም።

አሜሪካዊቷ ፋኒ ፋርመር እ.ኤ.አ. በ1896 በቦስተን ባሳተመችው የምግብ አሠራር መጽሐፍ፣ ኩባያና ማንኪያ ከአፋቸው ተስተካክለው እንዲለኩ አስተምራለች። ይህ የቁልሉን ችግር ያቃልላል፤ የውስጡን ግን አይፈታም። ያው የስንዴ ዱቄት ተነፍቶ በቀስታ ሲሞላ አንዱ ኩባያ 115 ግራም ገደማ፣ ተጠቅጥቆ ሲሞላ ደግሞ 150 ግራም ሊደርስ ይችላል። ሻካራ ጨውም በቅንጣቶቹ መካከል አየር ስለሚይዝ፣ በማንኪያ ሲሰፈር ከደቃቁ ይቀላል።

ታዲያ ምን እናድርግ? እያንዳንዱ ቤት የራሱን ሠንጠረዥ ቢያዘጋጅ እመክራለሁ። ባዶውን ዕቃ ሚዛን ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሱ። በዘወትር አሞላላችሁ ሙሉት፤ አፉን በቢላ ጀርባ አስተካክሉ፤ መዝኑ። ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ አማካዩን ጻፉ። የማድ ቤት ሚዛን ለጥቂት ግራም አይታመንም፤ ስለዚህ ጨውን ስትለኩ አሥር ማንኪያ በአንድነት መዝናችሁ ለአሥር አካፍሉ።

ይህን ስል የእናቶቻችንን ስፍር ለመናቅ አይደለም። በአንድ ማድ ቤት፣ በአንድ እጅና በአንድ ሲኒ የሚሠራ ወጥ ሳይመዘንም ጣዕሙን ይጠብቃል፤ ሰፋሪው ራሱ ሚዛን ነውና። ችግሩ የሚመጣው ቃሉ ከዚያ ቤት ወጥቶ ወደ ሌላ ቤት፣ ወደ መጽሐፍ ወይም ወደ ሕክምና ምክር ሲሻገር ነው። በዚያ ጉዞ ማንኪያዋ ትቀየራለች፤ ግራሙ ግን አይቀየርም። ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ ለታማሚ ምክር ስትሰጡ «አንድ ማንኪያ» ብላችሁ አታብቁ፤ የየትኛዋ ማንኪያ፣ እንዴት የተሞላች፣ ስንት ግራም እንደሆነች አሳዩ።

እናቴ ማንኪያቸውን አልለወጡም። ዛሬ ግን አፏን በቢላ ጀርባ ያስተካክላሉ፤ እንደገናም ጥቂት ይቀንሱላታል። በርበሬው ሲዘጋጅ የገባውን ጨው ጭምር ከዕለቱ ድርሻ ይቆጥራሉ።