ፊኛውና ሳቁ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ወጣቶች በፊኛ ስለሚስቡት የሳቅ ጋዝ ነው። እዚህ ለንደን ልጆቹ «ባሉን» ወይም «ኖዝ» ይሉታል። ብዙዎቻችን በምጥ ሰዓት እናውቀዋለን፤ አዋላጇ የምትሰጠን «ጋዝ ኤንድ ኤር» ግማሹ ይኸው ናይትረስ ኦክሳይድ፣ ግማሹ ኦክስጅን ነው። ልጆቹ የሚስቡት ግን ኦክስጅን ያልተቀላቀለበትን፣ ክሬም ለመምቻ ተብሎ በብረት ቀፎ የሚሸጠውን ነው።

ጋዙ መሳቂያ ከሆነ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ነው። ሐምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1799 ብሪስቶል ላይ በራሱና በወዳጆቹ ሞከረው፤ በ1802 ጄምስ ጊልሬይ በካርቱን አሾፈበት። በ1914 ቻርሊ ቻፕሊን በጋዙ ስም የሚጠራ አስቂኝ ፊልም ሠራ። በ1986 በወጣው «ሊትል ሾፕ ኦፍ ሆረርስ» የጥርስ ሐኪሙ ጋዙን እየሳበ፣ እየሳቀ ይሞታል፤ ተመልካቹም ይስቃል። ዛሬ ደግሞ በየስልኩ ባለ ቀለም ፊኛ፣ ሙዚቃና ጭፈራ ነው።

እስቲ አንድ ነገር እናስተውል። አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ማስቲሽ የሚስብ ልጅ ስናይ ከንፈር እንመጣለን። ፊኛ የያዘውን ግን ልደት ላይ ያለ ይመስለናል። ሁለቱም ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ጤናቸውን ይከፍላሉ። የሚለያየው ሥዕሉ ነው።

ፊልሙ የማያሳየውን እኛ እንናገር። ጋዙ ሲደጋገም በሰውነት ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ቢ12 ከሥራ ውጭ ያደርገዋል፤ ነርቭና አከርካሪም ይጎዳል። መጀመሪያ እግርና እጅ ይደነዝዛል፣ ይነዘንዛል፤ ቀጥሎ አካሄድ ይንገዳገዳል። ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከወተትና ከእንቁላል ስለሆነ፣ ረጅም ጾም የሚጾም ልጅ ክምችቱ አነስተኛ ከሆነ ጉዳቱ ሊፈጥንበት ይችላል። ቶሎ ከታከመ ሊድን ይችላል፤ ከዘገየ ግን ጉዳቱ ሊቀር ይችላል።

ሕጉም ተለውጧል። ከኅዳር 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በእንግሊዝ ለመዝናኛ ብሎ ጋዙን መያዝ ወንጀል ነው፤ እስከ ሁለት ዓመት ያሳስራል። ለአንድ ፊኛ ብሎ የወንጀል መዝገብ የያዘ ልጅ ሥራ ሲፈልግ ይከተለዋል።

ስለዚህ እናቶች፣ እህቶች፣ በልጆቻችን ክፍል ወይም በመኪናቸው የብረት ቀፎና ፊኛ ብናገኝ በጩኸት አንጀምር። «እግርህን ይደነዝዝሃል ወይ?» ብለን እንጠይቅ። አዎ ካለ ሳንውል ሳናድር ሐኪም ዘንድ እንውሰደው፤ ጋዝ መሳቡንም ለሐኪሙ አንደብቅ። ነውር ነው ብለን ከደበቅነው ሐኪሙ ምክንያቱን በምን ያውቃል?

ደጋፊዎቻችን፣ ከእናንተ የምንለምነው ብዙ አይደለም፤ ነርስ መጥታ በአማርኛ የምታስረዳበት፣ ወጣቶቹም ያለ ፍርሃት የሚጠይቁበት ምሽት እንዲኖረን አግዙን። እድር የምንገባው ለለቅሶ ብቻ አይደለም፤ ለቅሶው ሳይመጣም እንረዳዳ።