የቆመ መኪና ምን ይሆናል? የስፖርት መኪናን ለበረዶ ወራት ስለማቆየት



የዛሬው ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ የቅንጦት መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። የበለጸገ አገር ሰው የስፖርት መኪናውን በብርድ ወራት እንዴት እንደሚያስቀምጥ ማወቅ ለእኛ ምን ይፈይዳል? መለዋወጫ እየጠበቁ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ እየጠበቁ ወይም ባለቤታቸው ውጭ አገር ቆይቶባቸው ለወራት የሚቆሙ ተሽከርካሪዎች በየግቢው እናያለን። አብዛኞቹ የሚቆሙት ካቆሟቸው ሰዎች ምንም ዝግጅት ሳይደረግላቸው ነው። የአውሮፓው የስፖርት መኪና ግን ታስቦበትና ቀን ተቆርጦለት የሚቆም ማሽን ነው። ስለሆነም መቆም ራሱ በማሽን ላይ የሚያደርሰውን ነገር ለይተን ለማጥናት ይመቻል።

ክረምት ስል ሐምሌንና ነሐሴን ማለቴ አይደለም። ጀርመንን እንውሰድ። በዚያ አገር ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወቅታዊ ሰሌዳ አለ፤ መኪናው መንገድ ላይ እንዲወጣ የተፈቀደባቸው ወራት በሰሌዳው ጫፍ ላይ በቁጥር ይጻፋሉ። 04 እና 10 የሚል ሰሌዳ ያለው መኪና ከኖቬምበር መጀመሪያ እስከ ማርች መጨረሻ፣ አምስት ወር ሙሉ፣ በሕዝብ መንገድ ላይ መነዳት ቀርቶ መቆምም አይፈቀድለትም። ባለቤቱ ለእነዚያ ወራት ግብር አይከፍልም። መኪናውም በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ከሚበተነው ጨው ይድናል።

ጨው የውኃን የመርጊያ ነጥብ እስከ 21 ዲግሪ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች ሊያወርድ ይችላል፤ መንገድ ላይ የሚበተነውም ለዚሁ ነው። ነገር ግን የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ75 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ጨው ራሱ ከአየር ውኃ እየሳበ ይሟሟል፤ በብረቱ ላይም ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ቀጭን ፈሳሽ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ዝገት ሌላ ምንም አይጎድለውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መኪናውን፣ በተለይ ሆዱን፣ በሚገባ ማጠብና ነድቶ ማድረቅ ነው። ጨው ይዞ የገባን መኪና ሞቃት ቤት ውስጥ ማቆም ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ ከማቆም ይብሳል፤ ሙቀት ኬሚካዊ ለውጥን ያፋጥናልና። መሸፈኛውም አየር የሚያስተላልፍ ጨርቅ እንጂ ላስቲክ መሆን የለበትም።

አሁን ብዙ ወደሚያከራክረው ነጥብ ልምጣ። በአገራችንም በአውሮፓም መኪና ሲቆም የሚሰጠው ምክር አንድ ዓይነት ነው፦ «በየሳምንቱ አሥር ደቂቃ አስነሣው።» ቅን ምክር ነው፤ ነገር ግን በእኔ ግምገማ ምንም ካለማድረግ ይከፋል። ምክንያቱን በሰሌዳ ላይ ማስላት ይቻላል። ቤንዚንን በኦክቴን እንወክለው። 114 ግራም ኦክቴን ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል 162 ግራም ውኃ ይሰጣል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሦስት ሩብ ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ተቃጥሎ አንድ ሊትር ያህል ውኃ ያስገኛል ማለት ነው። ሞተሩ በሞቀ ጊዜ ይህ ውኃ በእንፋሎትነት ይወጣል። መካኒኮቻችን ሚኒሞ በሚሉት አዟዟር አሥር ደቂቃ ብቻ የሠራ ሞተር ግን ማርሚታውን እንኳ በወጉ አያሞቅም። ከእንፋሎቱ ብዙው ማርሚታው ውስጥ ወደ ውኃነት ይመለሳል፤ በፒስተን ቀለበቶች በኩል ያመለጠው ደግሞ ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርዳል። ይህ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለሃያ ሳምንታት ይደጋገማል። ባትሪውም ሞተሩን ለማስነሣት የሰጠውን ኃይል በአሥር ደቂቃ መልሶ ላያገኝ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው አደጋ ሌላ ነው። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ የሚነሣ ሞተር ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል፤ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ወይ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ደኅና መንገድ መንዳት፣ ወይ ፈጽሞ አለመንካት ነው።

ላይነካ ከተወሰነ ዘይቱ መቀየር ያለበት ከመቆሙ በፊት ነው። ብዙ ሰው «አዲስ ዘይት ለምን በቆመ ሞተር አባክናለሁ» ብሎ ለጸደይ ያቆየዋል። ነገር ግን ያገለገለ ዘይት ከቃጠሎ የተጠራቀመ ውኃና አሲድ ይዟል፤ አምስት ወር ሙሉ በኩሽኔታዎቹ ላይ የሚተኛው እሱ ነው።

ቤንዚንም ይበላሻል። ቀላሉ ክፍሉ ይተናል፤ የቀረው ከኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ሙጫ መሰል ዝቃጭ ይፈጥራል። ኢታኖል ከተቀላቀለበት ደግሞ ከአየር ውኃ ይስባል፤ ውኃው ሲበዛ ኢታኖሉን ይዞ ወደ ሰልባትዮው ታች ይወርዳል። ይህ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ከፊንጫ የመጣ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን በአዲስ አበባ ማደያዎች ተሽጧል። መፍትሔው ሰልባትዮውን መሙላት፣ ማረጋጊያ ኬሚካል መጨመርና የታከመው ቤንዚን እስከ መርጫዎቹ እንዲደርስ መኪናውን ጥቂት መንዳት ነው።

ባትሪን በተመለከተ አንድ ስሌት ይበቃል። ማስጠንቀቂያው፣ ሰዓቱና ኮምፒውተሮቹ በድምሩ 50 ሚሊአምፔር ቢወስዱ በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ይሆናል። የ60 አምፔር ሰዓት ባትሪ በ50 ቀን ባዶ ነው። የተሞላ ባትሪ አሲድ የአውሮፓን ብርድ ይቋቋማል፤ ባዶው ግን አሲዱ ወደ ውኃነት ስለሚጠጋ ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ ዝቅ ሲል ይረጋል፣ ሣጥኑንም ይሰነጥቃል። ስለዚህ ባትሪው ይነቀል፣ ወይም ሲሞላ ራሱን ከሚቆጣጠር ቻርጀር ጋር ይያያዝ።

የራዲያተሩ ፈሳሽ ለፈተና የሚሆን ጥያቄ ይሰጠናል። ንጹሕ ኤትሊን ግላይኮል 13 ዲግሪ ገደማ ከዜሮ በታች ይረጋል፤ ግማሽ በግማሽ ከውኃ ጋር ሲደባለቅ ግን እስከ 37 ዲግሪ ድረስ ይቋቋማል። ፀረ በረዶውን ማብዛት ጥበቃውን ያሳንሳል ማለት ነው። ምርታቸው በ1998 እ.ኤ.አ. ያበቃው በአየር የሚቀዘቅዙት የፖርሽ 911 ሞተሮች በዚህ ረገድ ከጭንቀት ነጻ ናቸው።

የእጅ ፍሬን ስቦ ማቆም በእኛም ዘንድ የተለመደ ነው። በእርጥበት ወራት ሸራው ከዲስኩ ወይም ከታምቡሩ ጋር ይጣበቃል። ጎማ ሥር ታኮ አድርጎ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ የእጅ ፍሬኑን መልቀቅ ምንም ወጪ የለውም። የፍሬን ዘይትም እርጥበት ይስባል፤ ዶት 4 የሚባለው ደረጃ አዲስ ሳለ ቢያንስ 230 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፣ ውኃ ከገባበት በኋላ ግን የሚፈለግበት 155 ብቻ ነው። ፈጣን መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ሲያግል ይህ ልዩነት የሕይወት ጉዳይ ነው።

ጎማዎቹ ክብደቱ ያረፈበት ቦታ ላይ እንዳይደለድሉ ነፋሳቸውን ጎማው ላይ ከተጻፈው ጣሪያ ሳያልፉ ከፍ ማድረግ ይጠቅማል። የስፖርት መኪና የበጋ ጎማ በከባድ ብርድ ስለሚደርቅ፣ በዚያ ሁኔታ መኪናውን ማንቀሳቀስ ሊሰነጥቀው ይችላል። አይጥ እንዳይገባ የማርሚታውን አፍ የሚደፍኑም አሉ፤ መድፈኛው እንዳይረሳ መሪው ላይ ወረቀት ቢያንጠለጥሉ መልካም ነው።

በጸደይ መኪናው ሲወጣ በዲስኮቹ ላይ ስስ ዝገት ይታያል፤ በዝግታ እየነዱ ጥቂት ጊዜ ፍሬን ሲይዙ ይጠፋል። ካልጠፋ ወይም ፔዳሉ ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ተፈትቶ ይታይ። ለጥያቄዎቻችሁ ጊዜ ስለቀረን ወደዚያው እንለፍ።