ዕውቀት በእምነትና በምርምር
በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል የተሰጠ ንግግር



በዚህ በዓል እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ፥ ብዙ ሰው በልቡ የሚይዘውን፥ በአፉ ግን ሊያወጣው የሚፈራውን አንድ ጥያቄ መረጥሁ። ይኸውም ሰው «ዐወቅሁ» ሲል በምን ዐወቀ? የሚል ነው። በየቤታችን ከአብነት ትምህርት ቤት የወጣና ከዩኒቨርሲቲ የተመለሰ ልጅ በአንድ ማዕድ ተቀምጠው ይከራከራሉ። አንደኛው «አባቶች እንዲህ አሉ» ይላል፤ ሁለተኛው «በመሣሪያ ታየ» ይላል። ክርክሩ በቍጣ ሲያልቅ፥ ልጁም ከቤተ ክርስቲያን ሲርቅ አይተናልና ነገሩ ቀላል አይደለም።

ጎንደር ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለችም። የመጻሕፍት ትርጓሜ በላይ ቤትና በታች ቤት ተከፍሎ የኖረባት ከተማ ናት። መምህሩ አንዱን ትርጓሜ ተናግሮ «አንድም» ብሎ ሌላውን ሲጨምር፥ ተማሪው ፊተኛውን አይጥልም፤ ሁለቱን ይዞ ይመዝናል እንጂ። ከዚህም ይልቅ ነገሩን አጥብቆ የሚያስረዳን ባሕረ ሐሳብ ነው።

የ2017 ዓ.ም. በዓላት እንዴት እንደ ወጡ እንመልከት። 5500 ሲታከልበት ዓመተ ዓለሙ 7517 ይሆናል። ይህ በ19 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ አንዱ ለዘመኑ ይተዋልና ወንበሩ 11 ነው። ወንበሩ በጥንተ መጥቅዕ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ሆነ። ከ14 ስለሚበልጥም በዓለ መጥቅዕ መስከረም 29 ቀን ረቡዕ ዋለ። የረቡዕ ተውሳክ 4 ሲጨመር 33 ይሆናል፤ 30ው ሲነሣ 3 ይቀራልና ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ቀን ሰኞ ገባ፤ ትንሣኤም ሚያዝያ 12 ቀን እሑድ ሆነ። በዚህ ሁሉ ሐሳብ ማንም ወደ ሰማይ ቀና ብሎ አላየም። ሒሳቡን ግን የፈለገ ሁሉ ይፈትነዋል፤ የሚሳሳት ደብተራ ቢገኝ ባልንጀሮቹ ዝም የሚሉት አይመስለኝም።

ሰማዩስ ምን አለ? መስከረም 22 ቀን 2017 ዓ.ም. በቺሌና በአርጀንቲና ፀሐይ በጨረቃ ተጋርዳ ታየች። ፀሐይ በጨረቃ የምትጋረደው ጨረቃ በምትወለድበት ሰዓት ብቻ ነውና፥ የዚያ ወር ጨረቃ ያን ዕለት እንደ ተወለደች ጥርጥር የለም። በዓይን እስክትታይ ሁለት ቀን ብንተውላት እንኳ፥ እስከ መስከረም 29 አምስት ቀን ይቀራል። እንግዲህ ልጁ «ሒሳባችሁ ከሰማይ ዘገየ» ቢል እውነት ተናገረ፤ ልንቈጣው አይገባም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። 19 ዓመት በእኛ አቈጣጠር 6,939 ቀን ከ18 ሰዓት ነው፤ 235 የጨረቃ ወር ግን 6,939 ቀን ከ16 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። አንድ ሰዓት ተኩል የሚሆነው ትርፍ በ308 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሞላል። አሁን ይህን ወደ ኋላ እንቍጠረው። አምስት ቀን ለመዘግየት ከ1,500 ዓመት በላይ ያስፈልጋል። ትውፊታችን ባሕረ ሐሳብን ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጣል፤ ሒሳቡ በእውነት የጥንት አባቶች ሥራ ለመሆኑ መዘግየቱ ራሱ ምስክር ሆነ ማለት ነው። ልጁ ሊነቅፍበት ያመጣው መለኪያ ለአያቱ ቃል መሰከረለት።

የበዓሉ ሥርዓት ክርስቲያኖች ባንድነት እንዲጾሙና እንዲያከብሩ የተሠራ ነው። የትንሣኤው ምስክሮች ግን ሐዋርያት ናቸው እንጂ ጨረቃ አይደለችም። ስለዚህ ጨረቃ አምስት ቀን ብትቀድም ሃይማኖታችን አምስት ቀን አይጐድልም።

በሌላው ወገንም የሚባል አለ። አባቶቻችን ከክረምት በኋላ ወደ ቆላ ወርዶ ማደር ንዳድ ያመጣል ብለው ልጆቻቸውን ይከለክሉ ነበር፤ ምክራቸው ትክክል ነበረ። ክፉ አየር ነው ሲሉ ግን ምክንያቱን አላገኙትም ነበር። የወባን ነገር በትንኝ ሆድ ውስጥ ያገኘው ሮናልድ ሮስ ነው፤ በ1897 በአውሮጳ አቈጣጠር በህንድ አገር። በ1953 በአውሮጳ አቈጣጠር ወባ ደምቢያን ፈጀ፤ በከተማችን የጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ቆመ። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ከመካከላችን የወባን ተሐዋሲ በአጕሊ መነጽር ያየ ስንት ሰው ነው? ያላየነው ሁሉ አጐበር የምንዘረጋው ያዩትን ሰዎች ቃል አምነን ነው። ተማሪውም መጽሐፉን የሚያነበው በምስክር ቃል ነው። ልዩነቱ ምስክሩ «ና፥ አንተም ፈትን» ማለቱ ላይ ነው፤ ይህንም ከባሕረ ሐሳብ መምህር የተለየ ነገር አድርጌ አላየውም።

አንድ አሳብ አቅርቤ ልውረድ። የአብነት ተማሪዎችና የዩኒቨርሲቲ ልጆች ለአንድ ዓመት አብረው በየሌሊቱ በሒሳብ የወጣውን የጨረቃ ሌሊት በአንድ ረድፍ፥ በሰማይ ያዩትን በሌላ ረድፍ ይጻፉ። መምህራኑ ከፈቀዱም መዝገቡ በደብሩ ዕቃ ቤት ይቀመጥ።